አረንጓዴው መብራት

አንባቢ ሆይ፤ በአስተማሪነት ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች አንዱ፥ ተማሪ የማታውቀውን ነገር ሲጠይቅህ የምታውቅ መስለህ መመለስ ነው። በዚህ ፈተና እኔም ወድቄአለሁ። ባለፈው ዓመት በመካነ ሰላም ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር፥ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጅዋን አንሥታ «መምህር፥ በፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቁጥጥር መሐንዲስ የሚባለው ሰው ሥራው ምንድን ነው? መብራት ይቀጥላል ወይስ መኪና ይጠግናል?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ስለማላውቀው አልሳቅሁም። አላውቅም ማለቱም ስላሳፈረኝ «የፋብሪካ መሣሪያዎች በትክክል እንዲሠሩ የሚቈጣጠር ባለሙያ ነው» ብዬ ጥያቄውን ራሱን መልሼ ሰጠኋትና ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ልጅቱም ዝም ብላ ተቀመጠች። ነገሩ እንዳልገባት ግን ከፊቷ አነበብሁት።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በደረሰ ጊዜ፥ በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ወደሚገኘው ወደ አጎቴ ልጅ ሄድሁ። ስለ ሽቦና ስለ ማብሪያ ልጠይቅ ሄጄ፥ ስለ ራሴ የማልወደውን ነገር ተምሬ ተመለስሁ። ዛሬ የማጫውትህም ይህንኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከወፍጮ ቤት እንጀምር። አንተም እንደ እኔ እህል ተሸክመህ ወፍጮ ቤት ተልከህ ካደግህ አንድ ነገር አይተሃል። ድንጋዩ እየዞረ ሳለ መብራት ይሄዳል፤ ድንጋዩም እያጓራ ይቆማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ባለወፍጮው ሄዶ አረንጓዴውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ልጅ ሳለሁ ሞተሩ ኩሩ ስለ ሆነ ካልለመኑት የማይነሣ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ኮንታክተር የሚባል ዕቃ አለ። ይህም በጥቅል ሽቦ የተሠራ ማግኔት ያለበት ትልቅ ማብሪያ ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን ማግኔቱ ኀይል አግኝቶ ብረቱን ይስባል፤ ሞተሩም ይነሣል። በዚያው ቅጽበት ኮንታክተሩ በጎን በኩል ባለች በአንዲት ትንሽ መገናኛ ለራሱ ማግኔት ኀይል ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ጣትህን ከቁልፉ ላይ ብታነሣም ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ግን ማግኔቱ ይለቃል፤ መብራቱ ተመልሶ ቢመጣም ሰው ሳያዘው እንደ ገና አይይዝም። እንዲህ የተደረገው፥ መብራት በሌለበት ሰዓት አንዱ እጁን ከመዘውሩ አስገብቶ እያጸዳ ሊሆን ስለሚችል ነው። ይህን ያሰበ ሰው የባለወፍጮውን እጅ አላየውም፤ ነገር ግን አስቦለታል። የቁጥጥር መሐንዲስነት ሥራ አንደኛው መልክ እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛውን መልክ ደግሞ በእናትህ ማድ ቤት ታገኘዋለህ። እናትህ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዱ መስማቱን ለማወቅ ጥቂት ሊጥ ጠብ ታደርጋለች። አልሰማ እንደ ሆነ እንጨት ትጨምራለች፤ ከመጠን በላይ ግሎ እንደ ሆነ እሳቱን ታወጣለች። መለካት፥ ከሚፈለገው ጋር ማመዛዘን፥ ልዩነቱን ማረምና እንደ ገና መለካት ማለት ይህ ነው። እንጨቱን በአንድ ጊዜ ብታበዛው ምጣዱ ያርራል፤ አርሯል ብላ እሳቱን ሁሉ ብታወጣው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልኩን የሚያስተምራት ልማድ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ጠብታውን ሊጥ የሚተካው ሴንሰር የሚባለው መለኪያ ሲሆን፥ የእናትህን ልማድ በቁጥር ለውጦ ለመሣሪያው የሚያስተምረው ደግሞ መሐንዲሱ ነው።

ይህ ጥበብ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1788 ዓ.ም. ጄምስ ዋት በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶችን አኖረ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹም የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠቡታል። ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ መግቢያውም ይሰፋል። ከኛ ከቦረና ደጋ ሥር በጥልቁ ሸለቆ የሚያልፈው ዓባይ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ላይ 13 ተርባይኖችን ሲያዞር የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ያ ግድብ እስከ 5,150 ሜጋዋት ድረስ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ መመላለስ አለበት። ሕዝቡ ማታ ምድጃውን ሁሉ ሲለኩስ ተርባይኖቹ ሸክሙ ከብዷቸው መዘግየት ይጀምራሉ፤ ይህን የሚጠብቀው መሣሪያም የውኃውን በር ከፈት ያደርጋል። የዋት ኳሶች ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ቢተኩም፥ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

የፋብሪካ ትእዛዝ ደግሞ ለረጅም ዘመን ይተላለፍ የነበረው ሪሌ በሚባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ነበር። በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሪሌዎቹ በሺህ ይቈጠራሉ። የሥራው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሽቦውን ሁሉ ፈትቶ እንደ ገና ማሰር ግድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ኩባንያ ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው መሣሪያ ቢፈልግ፥ ሪቻርድ ሞርሊና ባልደረቦቹ ዛሬ ፒኤልሲ የሚባለውን የመቈጣጠሪያ ኮምፒዩተር ሠሩ። ትእዛዙም የሚጻፈው መሰላል በሚመስል ሥዕል ሆነ፤ ይህ የሆነውም የሪሌ ሥዕል ማንበብ የለመደው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳይቸገር እንዲያነበው ነው።

እንግዲህ ወደ ጕዞዬ ልመለስ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቄ ከመካነ ሰላም ተነሣሁ፤ በአቀስታና በብርዳሙ በጉጉፍቱ በኩል አድርጌም ደሴ ገባሁ። በማግሥቱ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፥ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰባት ጊዜ በፋብሪካዎቿ ላይ ዘረፋና ጥፋት ደርሶ ነበር። የአጎቴ ልጅ የሚሠራበትን ፋብሪካ ስም አልጠቅስም፤ ብስኩት የሚጋገርበት ነው ማለቱ ይበቃል።

የሥራ ልብስ አልብሶ ወደ ውስጥ አስገባኝ። በአንድ ጫፍ ሊጡ በሁለት ጥቅል ብረቶች መካከል ይዳመጣል፤ ከዚያ እየተቈረጠ ረጅም ዋሻ በሚመስል ምድጃ ውስጥ ያልፍና በሌላው ጫፍ ታሽጎ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ ቴስተሩን በወገቡ አንጠልጥሎ ከፓነል ወደ ፓነል ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በእጁ ሳይሆን በጆሮውና በዓይኑ ነው። ሌሊት በስልክ ተጠርቶ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። መሣሪያው በቆመ ቁጥር ሁሉም ሰው ከጀርባው ቆሞ «መቼ ይነሣል?» ይለዋል፤ «ለምን ቆመ?» የሚለው ግን እሱ ብቻ ነው።

የፓነሉን በር ከፍቶ ሁለት ነገሮችን አሳየኝ። የመጀመሪያው ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ነው። እኔ ቀዩ ቁልፍ ሲጫኑት ለመሣሪያው «ቁም» የሚል ትእዛዝ የሚልክ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በዚያ ቁልፍ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ማለፉም «ሁሉ ደኅና ነው፤ ሥራህን ቀጥል» የሚል መልእክት ነው። ቁልፉን ስትጫን ይህ መልእክት ይቋረጥና መሣሪያው ይቆማል። «ሽቦውን አይጥ ብትበላውስ?» ስል ጠየቅሁት። «ያን ጊዜም ይቆማል። በሌላ መንገድ ቢታሰር ኖሮ፥ ሽቦው መበላቱን የምናውቀው ሰው እየጮኸ ቁልፉን በተጫነ ዕለት ብቻ ነበር» አለኝ።

ሁለተኛው የመለኪያዎቹ ቋንቋ ነው። የምድጃውን ሙቀት ወይም የጋኑን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ መልእክቱን የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሚደርስ ኤሌክትሪክ ነው። ከዜሮ የማይጀምረው ስለ ምን ይመስልሃል? 4 ሚሊአምፔር ማለት «ጋኑ ባዶ ነው» ማለት ሲሆን፥ ዜሮ ግን «ሽቦዬ ተቈርጧል፤ አትመኑኝ» ማለት ነው። ባዶ መሆንና መናገር አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ መሐንዲሶቹ እንዳይምታቱ ለይተው አስቀመጧቸው።

በዚህ ጊዜ በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጣት የምታህል ቁራጭ ሽቦ ተለጥፋ አየሁና ምንድን ናት አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ማታ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ማታ እቤቱ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነገረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሊጡን በሚዳምጡት ጥቅል ብረቶች ላይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ማብሪያ መሣሪያውን ታቆመዋለች። አንድ ሌሊት ይህች ማብሪያ ዱቄት ገብቶባትና ከንዝረቱ የተነሣ ላልታ፥ ክዳኑ ሳይከፈት «ተከፍቷል» እያለች መሣሪያውን በየጊዜው ታቆመው ጀመር። ሊጡ ይደርቃል፤ ምድጃው ባዶውን ይነዳል፤ ጠዋት መጫን ያለበት ዕቃ አለ፤ ከመጋዘን ምትክ ማብሪያ የለም። ሁሉም ይጮኽበታል። እሱም ከሁለቱ የማብሪያዋ ጫፎች ላይ ቁራጭ ሽቦ አድርጎ አገናኛቸው። በባለሙያዎቹ ቋንቋ ይህ «ዳይሬክት ማድረግ» ይባላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክዳኑ ቢከፈትም ባይከፈትም ፒኤልሲው «ተዘግቷል» ብሎ ያምናል። በፓነሉ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራትም ሳይጠፋ ይበራል።

«እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ብዬ ነበር፤» አለኝ የአጎቴ ልጅ፤ «ጠዋት ግን መሣሪያው እየሠራ ነው። የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? እኔም ለሌላ ሥራ ተጠራሁ። አመሰገኑኝም። በ19ኛው ቀን ሌሊት አንዲት ሠራተኛ ክዳኑን ከፍታ የደረቀ ሊጥ ልታነሣ እጅዋን አስገባች። ክዳኑ ሲከፈት መሣሪያው እንደሚቆም ሁልጊዜ የምታውቀው ነገር ነው። ከሩቅ ያለው ሰው አረንጓዴውን መብራት አይቶ አስነሣው። ሁለት ጣቶቿን አጣች። ወንድሜ፥ እሷ የታመነችው በመሣሪያው አልነበረም፤ በእኔ ነው እንጂ። እኔ ደግሞ በዚያች ሌሊት መሣሪያውን አልጠገንሁትም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር መጥፎ ወሬ የሚያመጣውን መልእክተኛ አፉን መዝጋት ነው።»

ባለቤቱ የቡናውን ሲኒ እያነሣች አቀርቅራ ነበር። እኔም የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ በሚሠራበት ክፍል ለፍተሻ ተብሎ የሚደረግ ማንኛውም ማገናኛ በቀይ ሽቦ ይሆናል፤ ያደረገው ሰው ስም፥ ቀኑና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ይንጠለጠልበታል፤ በመዝገብም ይሰፍራል። የሰውን እጅ በሚጠብቁት ላይ ግን ከቶ አይደረግም። ያቺ ቁራጭ ሽቦ በሩ ላይ የተለጠፈችው እሱ ራሱ እንዳይረሳ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ የጣቶቹ ነገር ብቻ አልነበረም። የራሴ ቁራጭ ሽቦ ትዝ ብሎኝ ነው።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ከ54 ተማሪዎቼ 37ቱ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በፊዚክስ ከግማሽ በታች አገኙ። ይህ ውጤት በሪፖርት እንዴት ይታያል የሚል ንግግር በዙሪያዬ ነበር። ማንም በግድ እጄን አልያዘኝም። እኔ ራሴ «የቤት ሥራና ተሳትፎ» በሚል ስም 30 ነጥብ ለሁሉም ሞልቼ ሰጠሁ። ከግማሽ በታች የቀሩት 4 ብቻ ሆኑ። ጥሩ ጀማሪ መምህር ተባልሁ። አረንጓዴው መብራት በራ።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ የአገር አቀፉን ፈተና ተፈትኖ ከተመለሰ በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሳይቈጣ፥ እንዲያውም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ እየነሣ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፥ በፊዚክስ 81 ሰጥተውኝ ስለነበር የምችለው መስሎኝ ሌላውን ሳጠና እሱን ተውሁት። ከሁሉ የጣለኝ እሱ ሆነ።» ዛሬ ያ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ሥራው ክቡር ነው፤ እሱ የተመኘው ግን ሌላ ነበር። ባየኝ ቁጥር ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታውም ይከብደኛል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ፥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 8.4 ከመቶ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ የመምህራን ነጥብ ማብዛት ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነቱ፥ ወረርሽኙ፥ የመጻሕፍት እጥረት፥ የክፍሉ መጣበብ ሁሉ አሉበት። ነገር ግን ያ ፈተና በሽታውን አላመጣውም፤ የለካው ብቻ ነው። እኛ በየክፍላችን ያኖርናቸው መለኪያዎች ቀደም ብለው ይህን መንገር ነበረባቸው፤ የአንዳንዶቻችን ግን በቁራጭ ሽቦ ተገናኝተው ነበር።

አንተም በቢሮ የምትሠራ ወንድሜ፥ አንቺም በመዝገብ ቤት ያለሽ እኅቴ፥ ነገሩ የፋብሪካና የትምህርት ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያልተቈፈረው ጕድጓድ «ተቈፍሯል»፥ ያልተከተበው ሕፃን «ተከትቧል» ተብሎ «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተፈጸመ» የሚል ሪፖርት ሲጻፍ፥ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። አለቃውም የሚያየውን አይቶ «አስነሣው» ይላል። እጇን ከክዳኑ ሥር ያስገባችው ሴት ግን በሪፖርቱ ውስጥ የለችም። ሁላችንም ሽቦውን ስናገናኝ «እስከ ነገ ጠዋት ብቻ» እንላለን፤ ከዚያም የሚሠራን ነገር የሚነካ ይጠፋል።

ከዕረፍቱ መልስ በመጀመሪያው ቀን ያቺን ዝምተኛ ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠርቼ «ያን ጊዜ የመለስሁልሽ ሳላውቅ ነው፤ አሁን ጠይቄ መጥቻለሁ» አልኋት። ከወፍጮ ቤቱ ሞተር ጀምሬ እስከ ቀዩ ቁልፍ ድረስ ነገርኋቸው። አንድም የሳቀ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ሰጠሁና ያገኙትን ብቻ ጻፍሁ። ከ61 ተማሪዎች 40ው ከግማሽ በታች ሆኑ፤ እንደ ሆነውም ሪፖርት አደረግሁ። ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው ረጅም ጊዜ አየው። አንድ አባት መጥተው «ልጄን ጣልኸው» ቢሉኝ፥ «አባቴ፥ አልጣልሁትም፤ የወደቀበትን ቦታ ነው ለርስዎም ለእሱም ያሳየሁት» ብዬ መለስሁላቸው። ተቀይመውኝ ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጃቸውን ወደ ማጠናከሪያው ትምህርት መላካቸውን አላስቀሩም።

ከሁለት ወር በኋላ በሰጠሁት ፈተና 40 የነበሩት 31 ሆኑ። የዘጠኝ ልጅ ለውጥ ብዙ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ የሚያስጨበጭብም አይደለም። ነገር ግን ዘጠኙን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ የቀሩት 31ም የት ላይ እንደ ተቸገሩ አውቃለሁ። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያቺ ልጅ ከ31ዱ አንዷ ናት። ወረቀቷን ስመልስላት 44 የሚለውን አይታ አላለቀሰችም። «መምህር፥ ዜሮ አይደለማ፤ ሽቦዬ አልተቈረጠም» አለችኝና ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደምንጀምር ጠየቀችኝ።